ሠራተኞቼ የማይከፍቱት ዳሽቦርድ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባነር፣ ስቲከርና የሠርግ ካርድ የምንሠራባት አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለችኝ፤ ከእኔ ጋር ሦስት ሰዎች ይሠራሉ። ትእዛዝ እየተዘነጋ ደንበኞችን ስላስቀየምን፣ ኖሽን በተባለው የመረጃ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደክሜ ዳሽቦርድ፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ሠራሁ። የሰዓት ምስል፣ የአየር ሁኔታ፣ የወሩ ዕቅድ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የየራሱ ሠንጠረዥ አለው። ይሁን እንጂ ትእዛዝ አሁንም የሚጻፈው ደብተር ላይ፣ የሚፈለገውም ቴሌግራም ውስጥ ነው። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ስህተቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ሠንጠረዥ በሠሩለት ዕለት የተጀመረ ይመስለኛል። አንድ የሠርግ ካርድ ከዲዛይነሩ ወደ አታሚው፣ ከአታሚው ወደ ቆራጩ በተሻገረ ቁጥር እንደገና ሊመዘገብ ነው ማለት ነው፤ ሥራ በበዛበት ቀን ይህን የሚያደርግ ሰው አይገኝም፣ እኔም አላደርገውም። በኖሽን ዳታቤዝ የሚባለው አንድ መዝገብ ሲሆን፣ ሠንጠረዡም ሆነ ቦርዱ ወይም የቀን መቁጠሪያው ያንኑ መዝገብ በተለያየ መልክ የሚያሳዩ ናቸው፤ በአንዱ ላይ የታረመው በሌሎቹም ላይ ታርሞ ይገኛል። ስለዚህ «ትእዛዞች» የሚል አንድ ዳታቤዝ ይበቃዎታል፤ ሥራው ያለበትን ደረጃና የያዘውን ሠራተኛ የሚናገር ዓምድ ካለው፣ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚለወጠው ያ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በቃል የምትጠያየቁትን ያስታውሱ። ዛሬ የሚረከበው የቱ ነው? ዲዛይኑ ተልኮለት ገና «ይታተም» ያላለው ማን ነው? ቀሪ ሂሳብ ያለበትስ? ዳሽቦርዱ ላይ መኖር ያለባቸው የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልሶች ናቸው፤ ሦስቱም ከዚያው ዳታቤዝ በፊልተር፣ ማለትም የተፈለገውን ብቻ ለይቶ በሚያሳይ ማጣሪያ፣ ተለይተው ይወጣሉ። ቀሪውን በእጅ ማስላት አያስፈልግም፤ በ4,500 ብር ተስማምቶ 2,000 ብር ቀብድ የከፈለ ደንበኛ 2,500 ብር እንደሚቀረው የቀመር ዓምዱ ራሱ ያወጣል። የአየር ሁኔታውን ምስል ግን ያንሱት፤ የሐዋሳን ዝናብ በመስኮት ማየት ይቻላል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ቀን ላይ ነው። ደንበኛው «ለጥር 12» ይላል፣ ኖሽን ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው። የ2018 ዓ.ም. ጥር 12 በእነርሱ ጃንዋሪ 20 ሲሆን ልዩነቱ 8 ቀን ነው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን ልዩነቱ 10 ቀን ነበር፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ይጨመርበታል። በግምት መደመር የማያዋጣው ለዚህ ነው። ሁለት ዓምድ ያዘጋጁ፦ አንዱ ደንበኛው የተናገረው ቀን እንደወረደ በጽሑፍ የሚሰፍርበት፣ ሌላው ፊልተሩ የሚሠራበት የፈረንጆች ቀን። ቀኑን ስልክ ላይ ባለ የቀን መቀየሪያ እያሰላ የሚያስገባውም ትእዛዙን የተቀበለው ሰው ብቻ ይሁን።

ነፃውን አገልግሎት የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሠራተኞችዎን በአባልነት ካስገቧቸው መተግበሪያው በ1,000 ብሎክ ይገድብዎታል (ብሎክ የሚባለው ገጽ ላይ የሚገባ እያንዳንዱ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ አንቀጽ ወይም አንድ ምስል ነው)፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ራሱ አንድ ብሎክ ስለሆነ ገደቡ ቶሎ ይሞላል። በእንግድነት ወደ ገጹ ቢጋብዟቸው ግን እስከ 10 ሰው ድረስ በነፃ ይፈቀዳል፣ ለሦስት ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ደብተሩን በምክር አያስጥሏቸውም፤ ለዓመታት የለመደ እጅ ወደዚያው ይሄዳልና። ኖሽን ለእያንዳንዱ መዝገብ በራሱ ተራ ቁጥር የሚሰጥ ዓምድ አለው፤ ያንን ይክፈቱና የቀብድ ደረሰኝ ያለዚያ ቁጥር እንዳይቆረጥ ያድርጉ። ደረሰኙን ለመቁረጥ ትእዛዙ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ይሆናል፤ ደንበኛውም ደውሎ «የ214 ካርዴ ደረሰ?» ሲል፣ ስልኩን ያነሳው ሰው መልሱን የሚያገኘው ዳሽቦርዱን ሲከፍት ነው።