ፍሎይድ ሮዝ ላይ ክሩ ከፍ ካለብህ መጀመሪያ ሞላውን እይ
ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር፤ ጊታርህ አልተበላሸም። ጥያቄህን ለሌሎቹም ላስታውስ። ደሴ ላይ ፍሎይድ ሮዝ፣ ማለትም በእጀታ የሚንቀሳቀስና ክሩን የሚቆልፍ ብሪጅ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) ያለው ያገለገለ ጊታር ገዛህ። ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) በጣም ስለራቀብህ ብሪጁን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ወደ ታች አዞርክ። አሁን ቀጫጭኖቹ ክሮች ዝዝ ይላሉ። አምባሰል ስትጫወት ክሩን ገፋ ስታደርገው ድምፁ ይታፈናል። ቅኝቱም አልረጋ አለህ።

እኔ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ የምጫወተው በእንዲህ ዓይነት ጊታር ነው፤ የጓደኞቼንም አስተካክላለሁ። እጄ ላይ የገቡት አብዛኞቹ ክራቸው ከፍ ያለው በሁለቱ ብሎኖች የተነሳ አይደለም። ብሪጁ ራሱ ወደ ፊት ተንጋዶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሪጁ በሁለቱ ብሎኖች ላይ በስለት ተደግፎ ነው የሚቆመው። ከፊት ክሮቹ ይስቡታል፤ ከጀርባ፣ ሆዱ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ይስቡታል። ጉልበታቸው ሲመጣጠን ብሪጁ ከጊታሩ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። የቀድሞው ባለቤት ከ9 ቁጥር ወፈር ወዳለው 10 ቁጥር ክር ቀይሮ ሞላውን ካልነካው ግን ክሮቹ ያሸንፋሉ። የብሪጁ ኋላ ይነሳል፤ ክሩም አብሮ ይነሳል። አንተ ያን ጊዜ ብሎኖቹን ስታወርድ የተንጋደደውን እንደተንጋደደ ዝቅ አደረግከው ማለት ነው።

ስለዚህ ብሎኖቹን ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹን ቆንጥጦ የያዘውን የነት መቆለፊያ ፍታ። ተቆልፎ እያለ በመቃኛው ብታጠብቅ ድምፁ አይነሳም፤ ክር ትበጥሳለህ። ከዚያ የጀርባውን ክዳን ክፈት። ሞላዎቹ የተንጠለጠሉበትን ብረት ከእንጨቱ ጋር የያዙ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ታገኛለህ። በካቻቪቴ ሁለቱንም እኩል ግማሽ ዙር አጥብቅ። ስድስቱንም ክር እንደገና ቃኝ። ከዚያ ጊታሩን ዓይንህ ትክክል አድርገህ ከጎን እየው። ብሪጁ አሁንም ኋላው ከተነሳ ድገም፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ አላላ። አንዱን ክር ስታጠብቅ ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ የዚህ ብሪጅ ጠባዩ ነው። እየዞርክ ደጋግመህ ስትቃኝ ይረጋል።

ቀጥሎ አንገቱ። ወፍራሙን ክር 1ኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ 7ኛው አካባቢ ያለውን ክፍተት እይ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። መለኪያው መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ፊለር ጌጅ ነው፤ ከሰፈርህ ጋራዥ ተዋስ።

የክሩን ከፍታ የምትነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለካ። ብዙ ሰው በቀጭኑ ክር 1.5፣ በወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። ፈጣን ሶሎ ለሚጫወት ደስ ይላል። እንዳንተ ባቲና አምባሰል ለሚጫወት ግን አልመክረውም። የእኛ ዜማ ክሩን መግፋትና ማንሸራተት ይፈልጋል። የፍሬቱ ሰሌዳ ደግሞ መሀሉ ጎበጥ ያለ ነው። ቀጭኑን ክር ወደ መሀል ስትገፋው ወደ ጉብታው ይወጣና ወደ ብሪጁ በኩል ያሉትን ፍሬቶች ይነካል፤ ድምፅህ የሚታፈነው በዚህ ነው። እኔ ቀጭኑን 1.8፣ ወፍራሙን 2.2 አድርጌ ነው የምጫወተው። ጣት ትንሽ ይደክማል፣ ዜማው ግን ይወጣል።

ከፍታውን ለመቀየር የብሪጁን ሁለት ብሎኖች ስታዞር አደራ፣ ክሮቹን አላልተህ ይሁን። ተወጥረው ሳለ ብታዞር ስለቱ ብሎኑን እየፋቀ ይደንዛል። የደነዘ ስለት ደግሞ እጀታውን ተጭነህ ስትለቀው ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም። ቅኝትህ የማይረጋው በዚህም ሊሆን ይችላል። ስለቱን በባትሪ እያበራህ እየው።

እያንዳንዱን ክር ለብቻው ከፍና ዝቅ ላድርግ ብለህ ብሎን አትፈልግ፤ ፍሎይድ ሮዝ ላይ የለም። አንድ ክር ብቻ ካስቸገረ፣ ክሩ ብሪጁ ላይ ከሚያርፍበት መቀመጫ ሥር ስስ ቆርቆሮ ይገባል።

ነቱን መልሰህ ከመቆለፍህ በፊት ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ መቃኛዎች መሀል ላይ አድርጋቸው። ደሴ ብርድ ውስጥ ቃኝተህ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ነቱ ስለተቆለፈ ያለህ እነዚያ ትንንሾቹ ብቻ ናቸው። ጫፍ ላይ ከደረሱ ሰርጉ መሀል ነቱን የምትፈታበትን ቁልፍ ፍለጋ ትገባለህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ዝዝ ካለ የብሪጁን ፎቶ ከጎን አንስተህ ላክልኝ። የክሩን ቁጥርና ድምፁ የሚበላሸው ስንተኛው ፍሬት ላይ እንደሆነም ጻፍልኝ።