ለተራራ መንገድ የሚሆን «ቤርፉት» ጫማ እንዴት ይመረጣል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያደግሁት በሰሜን ሸዋ ገጠር ሲሆን መጀመሪያ በባዶ እግሬ፣ ኋላም በበረባሶ ነበር ትምህርት ቤት የምመላለሰው። አሁን ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር በአፓላቺያን የእግር መንገድ ላይ እጓዛለሁ። የተለመደው የተራራ ቡት ትንሿን ጣቴን እየላጠ ስላስቸገረኝ፣ ቤርፉት (ባዶ እግር) የሚባለውንና ሶሉ ስስ የሆነውን ጫማ ልገዛ አስቤአለሁ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈ ከሆነ፣ እኔም በባዶ እግሬ ስላደግሁ ቶሎ የምለምደው ይመስለኛል። የቤርፉቱ ቡት ይሻለኛል ወይስ ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀረው አጭሩ?

መልስ፦ ትንሿን ጣት የሚልጥ ጫማ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሶሉ ውፍረት ሳይሆን የፊቱ ጥበት ነው። ቤርፉት በሚባሉት ጫማዎች ሦስት ነገሮች ተጠቃለው ይሸጣሉ፤ እነዚህም በጣቶቹ በኩል ሰፊ መሆናቸው፣ ተረከዝና የፊት እግር የሚያርፉበት ከፍታ እኩል መሆኑ፣ እንዲሁም ሶላቸው ስስና ተጣጣፊ መሆኑ ናቸው። ሻጮች ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ቢያቀርቧቸውም እያንዳንዱ ለብቻው መመዘን አለበት። በእኔ ግምት ለተራራ መንገድ ስፋት ይቀድማል፣ የተረከዙ አለመነሳት ይከተላል፣ ስስነት ግን መጨረሻ ላይ የሚታሰብና ብዙ ሰው ያለ እርሱም ምንም የማይጎድልበት ነገር ነው። ለምሳሌ አልትራ የተባለው ኩባንያ አብዛኞቹ ጫማዎች ሰፊና ተረከዛቸው ያልተነሳ ቢሆንም ሶላቸው ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ቪቮቤርፉትና ዜሮ ሹዝ የሚያቀርቧቸው ደግሞ ሦስቱንም ያሟላሉ። የእርስዎን ጣት ከመላጥ ለማዳን የመጀመሪያው ዓይነት ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ትንሽ ካበጠ በኋላ ማለትም ወደ ማታ፣ በጉዞ የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ወረቀት ላይ ይቁሙና ሌላ ሰው ዙሪያውን በእርሳስ እንዲስልልዎ ያድርጉ። ተቀምጦ የተለካ እግር ክብደት ስላላረፈበት አጥሮና ጠብቦ ይወጣል። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት፣ ይህም አንዳንድ ሰው ላይ አውራ ጣት ሳይሆን ሁለተኛው ነው፣ ከለኩ በኋላ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ፤ ይህ ትርፍ ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ሲንሸራተት ጥፍርዎን ከመጥቆር የሚያድን ነው። ሱቅ ውስጥ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው ይቁሙበት። ከጣቶችዎ አንዷ እንኳ ከጠርዙ ካለፈች ያንን ጫማ ይተዉት፤ «እያደር ይሰፋል» የሚልዎን ሻጭም አይስሙ።

ወደ ሶሉ እንምጣ። የአፓላቺያን መንገድ ሜሪላንድን የሚያቋርጠው 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው በሳውዝ ማውንቴን ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን ፔንስልቬንያ ሲሻገሩ ደግሞ የድንጋዩ ብዛትና ሹልነት በተጓዦች ዘንድ የታወቀ ነው። ለአስፋልትና ለስፖርት ቤት የተሠራ የ3 ወይም የ4 ሚሊ ሜትር ሶል በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በጥቂት ሰዓታት የውስጥ እግርን ያሳምማል። ስለዚህ ጥርሱን ጨምሮ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ጥርሱም ጭቃ የማይቋጥር ሆኖ ተራርቆ የተቀመጠ ሶል ይፈልጉ። ጫማውን በእጅዎ ይጠምዝዙት፤ በጣቶቹ መታጠፊያ ላይ ያለ ችግር መታጠፍ አለበት፣ ነገር ግን ሶሉን በአውራ ጣትዎ ከታች ሲጫኑት ጣትዎ ከውስጥ በኩል ተለይቶ ከተሰማዎ ለሹል ድንጋይ አይሆንም።

ቁርጭምጭሚትን ስለሚሸፍነው ቡት «ይደግፋል» የሚባለው፣ ለስላሳ በሆነው የቤርፉት ቡት ላይ አይሠራም፤ እንደ ካልሲ የሚጠቀለል ቆዳ የሚዞርን ቁርጭምጭሚት አያቆምም። በዚህ ዓይነት ጫማ ሰውን ከመወለም የሚጠብቀው፣ እግር ለመሬት ቀርቦ መቆሙና ሶሉ በተረከዝ በኩል ከፍ ብሎ አለመወላገዱ ነው። ቡቱ የሚጠቅመው ለእሾህ፣ ለጭቃና ለጠጠር ነው፤ በሜሪላንድ ደግሞ ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር ስላለ፣ ሱሪን በካልሲ ውስጥ ከትቶ ቡት ማድረግ በጋ ላይ እንኳ ምክንያት አለው። ለአንድ ቀን ጉዞ እኔ አጭሩን እመርጥ ነበር፤ እርጥብ ቅጠል በሚበዛበት በመኸር ግን ቡቱን።

ስለ አበበ ያነሱት ነገር ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ሰው ስለነበር ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጧል። የእርስዎ እግር የልጅነት ስፋቱን ይዞ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም ጣትዎ የምትላጠው ለዚሁ ነው፤ ሃያ ዓመት ታኮ ባለው ወፍራም ጫማ የኖረ ባትና ጅማት ግን አጥሮ፣ አጥንቱም ያንን ጫና ረስቶ ሊሆን ይችላል። በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 36 ሯጮች የተሳተፉ ሲሆን፣ 19ኙ በ10 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ወደሚገባበት ባለ ጣት ስስ ጫማ እንዲሸጋገሩ ተደርጎ ከእነርሱ በ10ሩ የእግር አጥንት ውስጥ እብጠት በኤምአርአይ ታይቷል፤ በተለመደው ጫማ ከቀጠሉት 17 ግን በአንዱ ብቻ። እነዚህ ሯጮች እንጂ ተራማጆች አለመሆናቸውን አልዘነጋም፤ ቢሆንም 10 ሳምንት እንኳ ለአጥንት አጭር መሆኑን ያሳያል። ቪብራም የተባለው ኩባንያም ባለ ጣት ጫማው ጡንቻ ያጠነክራል፣ ጉዳትም ይቀንሳል ብሎ በማስተዋወቁ ተከሶ፣ ጥፋተኝነቱን ሳያምን እ.ኤ.አ. በ2014፣ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በመሆኑም በመጀመሪያ በሰፈርዎ ደልዳላ መንገድ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ይራመዱ፤ ወደ ተራራ ሲወጡም አሮጌውን ጫማ በቦርሳዎ ይያዙ። የባት መዛል የሚጠበቅ ነው። በእግር ጀርባ ላይ በአንድ ጣት ጫፍ ሊጠቁሙት የሚችሉት የማይለቅ ሕመም ከተሰማዎ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ጫማውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ስስ ሶልን ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ጥያቄ፦ በጥቅምት ወር ወደ ስሜን ተራሮች ልጓዝ ነው፤ ዘመዴ ከአውሮፓ የቤርፉት ቡት ሊልክልኝ ቃል ገብቶልኛል። ውኃ የማያስገባውን ይላክልኝ? ብርዱስ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በስሜን ጓዝ በበቅሎ ስለሚጫን ትከሻዎ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ይህም ለስስ ጫማ ከባድ ሸክም ከያዘ ጉዞ ይልቅ ይመቻል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ እያበቃ ስለሆነ ውኃ የማያስገባ ገበር ያን ያህል አያስፈልግዎትም፤ እንዲህ ያለው ጫማ ውኃ አንድ ጊዜ በአፉ ከገባበት ለመድረቅ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ላብም ያምቃል። ሰም የተቀባ የቆዳ ቡት ይበቃል። ብርዱ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ግጭና ጨነቅ የሚባሉት የማደሪያ ሰፈሮች ከ3,500 ሜትር በላይ ስለሆኑ ሌሊትና ማለዳ ቅዝቃዜው ከመሬት በስስ ሶል በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ ለወፍራም የሱፍ ካልሲና ለአንድ የሱፍ ንጣፍ የሚበቃ ክፍት ቦታ ያለው ጫማ ያስፈልግዎታል። ካልሲ አብዝቶ ጫማን ማጥበቅ የደም ዝውውርን ስለሚያግድ እግርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ለዘመድዎ የጫማ ቁጥር ሳይሆን የእግርዎን ርዝመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ይላኩ፤ 42 ቁጥር በሁለት ኩባንያ ዘንድ አንድ አይደለም። ሳይለምዱትም አይሂዱ፤ በጉዞው ዋዜማ የደረሰን ጫማ ለመልመድ አንድ ቀን እንጦጦ መውጣት አይበቃም።

ጥያቄ፦ በስስ ጫማ ስንራመድ በጣት በኩል ማረፍ አለብን ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለእርምጃ አይደለም። ሰው በባዶ እግሩም ሲራመድ የሚያርፈው በተረከዙ ነው። ስለ ሩጫ እንኳ፣ በሰሜን ኬንያ ባዶ እግራቸውን በሚሄዱ የዳሰነች ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በረጅም ርቀት ፍጥነት አብዛኞቹ በተረከዝ እንደሚያርፉ አሳይቷል። እርምጃዎን አሳጥረው ተረከዝዎን መሬቱን በኃይል ሳይመቱ ያሳርፉ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ልጆች ጫማ እንዲያደርጉ ስንመክር ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ደግሞ ባዶ እግርን የሚያወድስ ማስታወቂያ በስልካቸው ያያሉ። ምን ልበላቸው?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ምክርዎ ትክክል ነው፣ አይለውጡት። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ፣ የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድን በቆዳ እየገባ እግርን የሚያሳብጠውን ዝሆኔ ያስከትላል፤ ምሥራቅ ጎጃምም በሽታው ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሙጀሌና በእግር ቆዳ የሚገባው የአንጀት ትልም አሉ። ማስታወቂያው የሚያሳየው እኮ ጫማ ነው፤ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ሶል ያለው። በረባሶ ደልዳላና ተረከዙ ያልተነሳ መሆኑ ከእነዚህ ውድ ጫማዎች ጋር ያመሳስለዋል፤ በሰሜን ሜክሲኮ ያሉት ራራሙሪዎችም ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ሰንደል ረጅም መንገድ ይሮጣሉ። ይሁን እንጂ ክፍት ስለሆነ አፈሩን አይከለክልም። ከ150 እስከ 250 ዶላር የሚጠየቅበትን ቡት ልጆቹ አያስፈልጋቸውም፤ ጣታቸውን የማይጨምቅ ሸራ ጫማ ከካልሲ ጋር፣ ማታም እግርን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃቸዋል። እግራቸው ቶሎ ስለሚያድግ በየጥቂት ወሩ ንጣፉን አውጥተው ያስቁሟቸውና ጣታቸው ጠርዙ ላይ መድረሱን ይመልከቱ።