ነቀዙ ከየት መጣ? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ባይመካከሩም ሁሉም ወደ ሴል (ሕያው ነገር ሁሉ የተሠራበት ጥቃቅን ክፍል፣ ሕዋስ) እና ወደ ሕይወት አጀማመር ያዘነበሉ ናቸው። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ስንዴውን አበጥሬ፣ ለቅሜ፣ ጆንያ ውስጥ አስሬ አስቀመጥኩ። ቆይቼ ስከፍተው ነቀዝ ወሮታል። ልጄ “እንቁላል ተጥሎበት ነው” ይለኛል። እኔ ከእህሉ ራሱ ነው የሚፈጠረው እላለሁ። ማን ልክ ነው?» (አንዲት እናት፣ አዘዞ)

እማማ፣ ልጅዎ ረትቶዎታል። ግን እርስዎም ያለ ምክንያት አልተከራከሩም። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን በአፏ ትበሳና እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች። ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው እየበላ ያድግና ነቀዝ ሆኖ በስቶ ይወጣል። ታዲያ ቢያበጥሩት፣ ቢለቅሙትስ በምን ይታያል?

እርስዎ ያሉትን አሪስቶትልን ጨምሮ ትልልቅ ሊቃውንት ብለውታል፤ አውሮፓም ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አምናበታለች። ክርክሩን ፈር ያስያዘው ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ ነው። በ1668 ባሳተመው ሥራው፣ ስጋ በዕቃዎች ከፋፍሎ ግማሹን ክፍት ተወው፣ ግማሹን ከደነው። ትል የወጣው ዝንብ የሚያርፍበት ክፍቱ ስጋ ላይ ብቻ ነው። «አየር ስለከለከልከው ነው» እንዳይባልም በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ደገመው። ስጋው ሸተተ፤ ትል ግን የለም። ክርክሩን በእንዲህ ያለ ርካሽ ዘዴ የሚፈታ ሰው ደስ ይለኛል።

«ሴልን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ያኔ እኛ ምን ላይ ነበርን?» (ፒያሳ)

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ፣ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ። አፄ ፋሲል ገና በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1667 ነው። ሁክ የቡሽ ቅንጣቢ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥቃቅን ባዶ ክፍሎች አገኘና ስሙን አወጣ። ያየው ግን የሞተ ሴል ግድግዳ ነው፤ ከውስጡ ምንም የለም።

ሕያዋኑን ያሳየን የሆላንዱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። ይህ እንግዲህ በፋሲል ልጅ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን መሆኑ ነው። ሌንሱን ራሱ ነበር የሚሠራው፤ ከ200 ጊዜ በላይ የሚያጎላም ነበረው። የኩሬ ውሃ አየ፣ ከጥርሱ ላይ ቆሻሻ ፍቆ አየ፤ ሁሉም ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር አገኘ። ምርጡን የሌንስ አሠራር ግን ለማንም አላሳየም። ነጋዴ አይደል!

«መጽሐፋችን የሴል ንድፈ ሐሳብን ለሽላይደን፣ ለሽቫንና ለቪርኮቭ ይሰጣል። በቃ እነዚህ ብቻ ናቸው?» (ተማሪ፣ ማራኪ)

ለፈተናው እሱኑ ጻፍ። ነገሩ ግን እንደዚያ የጠራ አይደለም። ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች፣ ሽላይደን በ1838 ዕፅዋት፣ ሽቫን በ1839 እንስሳት ከሴል የተሠሩ ናቸው አሉ። እስከዚህ ልክ ናቸው። አዲስ ሴል እንዴት ይወለዳል ሲባሉ ግን ከፈሳሽ ውስጥ እንደ ክሪስታል እየረጋ ነው አሉ። የአዘዞዋ እናት ስለ ነቀዙ ካሉት በምን ይለያል?

ይህን ያፈረሰው የፅንስ ተመራማሪው ሮበርት ሬማክ ነው። የጫጩት ፅንስና የእንቁራሪት እንቁላል ሥር ቁጭ ብሎ ሴል ለሁለት ሲከፈል አየ። በ1852ም ሴል የሚመጣው ከሴል ነው ብሎ ጻፈ። ጀርመናዊው ሐኪም ቪርኮቭ ያንኑ ሐሳብ በ1855 «ሴል ሁሉ ከሴል» በሚል አጭር የላቲን ዐረፍተ ነገር አወጀ፤ ስሙም ከእሱ ጋር ቀረ። ሬማክ በፕሩሲያ (በያኔው የጀርመን መንግሥት) የሚኖር ይሁዲ ስለነበር በዩኒቨርሲቲው በሩ ጠብቦበታል። እኔን ብትጠይቀኝ አራተኛውን ስም በእርሳስም ቢሆን ከጎን ጨምረው።

«የዶሮ እንቁላል አንድ ሴል ነው ይላሉ። እውነት ነው?» (አራዳ)

አስኳሉ አዎ፣ ያውም አውራ ዶሮ ያላገኛት ዶሮ የጣለችው ከሆነ። ነጩና ቅርፊቱ ሴል አይደሉም። አውራ ዶሮ ካገኛት ግን ገና ስትጥለው በሺዎች ተከፋፍሏል።

«ፓስተር ሕይወት ከሕይወት ብቻ ይመጣል ብሎ ካረጋገጠ፣ የመጀመሪያው ከየት መጣ?» (መምህር)

የሃይማኖቱን መልስ ለአባቶች ልተው፤ የሳይንሱን ላውራ። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተር በ1860 አካባቢ ፈሳሽ አፍልቶ አንገቱ በተቆለመመ ጠርሙስ አቆየው። አየር ይገባል፤ አቧራና ጀርም ግን መታጠፊያው ላይ ይቀራል። ፈሳሹ ሳይበላሽ ቆየ። ይህ የሚያረጋግጠው በዛሬዋ ምድር፣ በጠርሙስ ውስጥ ሕይወት ብድግ ብሎ እንደማይነሳ ነው። ስለ ጥንቷ ምድር (ያኔ ኦክስጅን አልነበራትም) እና ስለ ሚሊዮኖች ዓመታት ግን ምንም አይልም።

ያቺን ምድር ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኦፓሪን በ1924፣ እንግሊዛዊው ሃልዴን በ1929 በሐሳብ ሣሏት። ቺካጎ ላይ ተማሪው ስታንሊ ሚለር ሞከራት። ውሃ፣ ሚቴን፣ አሞንያና ሃይድሮጅን በመስታወት ዘግቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቀቀበት። ፕሮቲን የሚሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች አገኘና በ1953 አሳተመ። በኋላ ብዙዎች የጥንቱ አየር እንደዚያ በሚቴንና በአሞንያ የበለጸገ አልነበረም አሉ። በ1969 አውስትራሊያ ላይ የወደቀው የመርቺሰን ሜትሮራይት (ከጠፈር የመጣ ድንጋይ) ውስጥም አሚኖ አሲድ ተገኘ። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው ብርቅ አይደለም። ከዚያ እስከ ሴል ያለው ግን ገደል ነው።

ድልድዩ አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ፣ በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዝ ሞለኪውል) ይሆናል የሚሉ ብዙ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ቼክና አልትማን አርኤንኤ መረጃ ከመያዝ አልፎ ራሱ የኬሚካል ሥራ እንደሚሠራ አሳይተው በ1989 ኖቤል ተሸለሙ። እስከ ዛሬ ግን ከኬሚካል ብቻ ተነስቶ ሕያው ሴል የሠራ ሰው የለም። «ሳይንስ ፈትቶታል» የሚል ካጋጠመዎት አያስጨርሱት።

«ዳሎል ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም?» (አስጎብኚ)

በአፋሩ የአሲድና የጨው ኩሬዎች ስፍራ? ለቱሪስቱ «ተከራክረውበታል» በለው። በ2019 አንድ ቡድን ደቃቅ ሕዋሳት አገኘሁ አለ። ሌላው ደግሞ በዚያው ዓመት፣ አሲዱና ጨዉ እጅግ በበረታባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም ብሎ ደመደመ። የሁለተኛው ቡድን ማስጠንቀቂያ ሴል የሚመስል ሁሉ ሴል አይደለም የሚል ነው፤ እዚያ ማዕድኑ ራሱ ድብልብል ብሎ ይረጋል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ለማንኛውም ጓንትና ጫማ አትርሳ፤ አሲዱ አያከራክርም።