ስለ አልቢነን ገንዘብ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ «አልቢነን የሚባል የስዊዝ ተራራ መንደር አራት ሰው ላለው ቤተሰብ 70 ሺህ ፍራንክ ይሰጣል ይባላል፣ እኛስ መግባት እንችላለን?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። በዚሁ ወሬ እኔም ተቃጥያለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

1. ፈቃድሽን እዪ። ወሬው ውሸት አይደለም። የመንደሩ ሰው በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ነው። ለአንድ አዋቂ 25 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ 10 ሺህ። ግን የውጭ ዜጋ ከሆንሽ ሲ ፐርሚት፣ ማለትም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ዕድሜም ከ45 በታች። መቼም ያለሽው በቢ፣ በየጊዜው በሚታደሰው ፈቃድ ነው። እኔም ያኔ በቢ ነበርኩ። ወሬውን በቪዲዮ የለቀቀው ልጅ ይቺን ነገር አላነሳትም።

2. ገንዘቡ ለኑሮ መቋቋሚያ አይደለም፣ ለቤት ነው። ቢያንስ 200 ሺህ ፍራንክ የሚያወጣ ቤት መግዛት ወይም መሥራት አለብሽ። ቤቱ ዋና መኖሪያሽ ይሆናል፣ የበዓል ቤት አይሆንም። 10 ዓመት ሳይሞላሽ ከወጣሽ ትመልሻለሽ።

3. ሄደሽ እዪው። እኔ ሳላየው ነው የቸኮልኩት። የምንኖርበትን ቤት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። ሦስት ወር አለኝ፣ እስከዚያ ይሳካል ብዬ ነው። ከዚያ ባለቤቴንና ልጆቹን ይዤ በባቡር ሎይክ ወረድን። ሎይክ ታች ሮን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ትንሿ ልጄ ሁለቴ አስታወከች።

መንደሩ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በሺህ ሜትር ያንሳል፣ ብርዱን ግን ከአዲስ አበባ ጋር አታወዳድሪው። ቤቶቹ ፀሐይ ያጠቆራቸው የእንጨት ቤቶች ናቸው፣ ቁልቁለቱ ላይ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። መንገዱ እጅግ ጠባብ ነው። የሕፃን ጋሪያችንን አንስተን ደረጃ ለደረጃ ተሸከምነው። ሰዉ ያኔ 240 ገደማ ነበር። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ወጥተው ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የቀሩት ልጆች በአውቶቡስ ሌላ ቦታ ይማራሉ። ገንዘቡ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው፣ መንደሩ ሰው እያጣ ስለሆነ። ወደ ጎረቤት መንደር ሎይከርባድ የሚወስድ ገደል ላይ ስምንት የእንጨት መሰላሎች አሉ። የድሮ ሰዎች ዕቃ ተሸክመው በእነሱ ነበር የሚመላለሱት።

አንዲት ባልቴት በራቸውን እየጠረጉ ሰላም አሉን፣ ለልጆቹም ፖም ሰጧቸው። ባለቤቴ ጀርመንኛ ሁለት ዓመት ተምራለች፣ ከንግግራቸው ግን አንድ ቃል አልያዘችም። የቫሊስ፣ የዚያ ክልል ጀርመንኛ ሌላ ነው። ሰዎቹን ግን ወደድኳቸው፣ እውነቴን ነው። ስለ ፈቃዱም እዚያው ጠይቄ በጨዋ ደንብ አስረዱኝ። በቢ አይሆንም።

ጉዱ የጠበቀኝ ስንመለስ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ልሰርዝ ቤት አከራይ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ቤቱ ለሌላ ተሰጥቷል» አለኝ። ስድስት ዓመት አንድም ቀን ኪራይ ሳላሳልፍ የኖርኩበት ቤት! ልጆች አሉኝ ስለው «ደብዳቤውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት» ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። አዲሱ ቤት በወር 480 ፍራንክ ይበልጣል፣ እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴም እኔም ማታ ማታ ቋንቋ ተምረን ፈተናውን አለፍን፣ ሲ ፐርሚታችንን አገኘን። ያለ ማንም ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ደብዳቤውን ራሴ ጽፌ። እኔ ግን 46 ሞልቶኝ ነበር።

ስለዚህ ቤትሽን እንዳትለቂ። ለመንደሩ ጌማይንደ፣ ማለትም ለአስተዳደሩ ቢሮ በጽሑፍ ጻፊ፤ የፈቃድሽን ዓይነት፣ ዕድሜያችሁን፣ የልጆቹን ቁጥር አስቀምጪ፣ ደንቡ ዛሬም በዚያው እንዳለ ጠይቂ። መልሱን በወረቀት ያዢ። ጀርመንኛው ካስቸገረሽ ረቂቁን እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስገባ አስተካክልልሻለሁ።