ድሮም ተጨናቂ ነሽ፤ ታዲያ አሁን ምን መጣ?

እህቴ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐሳብ አበዛለሁ። 46 ከሞላኝ ወዲህ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አሁን ሁሉም ነገር አስጠላኝ። ፀባዬ ነው ወይስ ድብርት ያዘኝ?» ብለሻል። እኔም በዚሁ ስላለፍኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሰውን ባሕርይ በአምስት ትልልቅ ዘርፎች ከፍለው ያዩታል። አንዱ የእኔና የአንቺ ነው፤ ቶሎ መጨነቅ፣ ቶሎ መከፋት። ከድብርት ጋር ይበልጥ የሚቀራረበውም እሱ ነው። ቢሆንም ዝንባሌ እንጂ በሽታ አይደለም። እኔ በሃያዎቹም እንዲሁ ነበርኩ፣ ድብርት ግን አልነበረብኝም። የተለወጠው ሌሊቱ ነው።

በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ራሱ ይሳሳል። ጥልቁ ክፍል ይቀንሳል፣ መንቃት ይበዛል። ለእኛ ለሴቶች ማረጥ ሲቃረብ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ አለ። ነገር የማይከብደው ሰው ቢነቃም ገልበጥ ብሎ ይተኛል። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይገለጥና ሰዓት አያለሁ። «ሦስት ሰዓት ቀረኝ» ብዬ ማስላት እጀምራለሁ። ቀጥሎ አለቃዬ ቀን ላይ «እስቲ እናያለን» ያለችው ትዝ ይለኛል። ምን ማለቷ ነው? ፊቷስ እንዴት ነበር? በቃ፣ ነጋ። ደክሞኝ እውላለሁ፣ ስልክ አላነሳም፣ ሰው እሸሻለሁ። የተበላሸው ቀን ደግሞ ለማታው አዲስ ሐሳብ ያቀብላል።

እንቅልፍ ማጣት የድብርት ምልክት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀድሞም ይመጣል። እንቅልፍ የሚያጣ ሰው በኋላ በድብርት የመያዝ ዕድሉ ደህና ከሚተኛው እጥፍ ገደማ እንደሆነ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና አሳይቷል። ስለዚህ ፀባይሽን ለመቀየር አትታገይ፤ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚላላው። መጀመሪያ እንቅልፉን ያዢ።

እኔን የረዳኝ ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀ፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ከመድኃኒት በፊት ይሰጥ ብሎ መክሯል። በየቀኑ፣ እሑድም ቢሆን፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት አለ። እንቅልፍ 20 ደቂቃ ገደማ እምቢ ካለ ከአልጋ ወርዶ ሲመጣ መመለስ አለ። ሰዓቱን ከዓይኔ አራቅኩት። የሚያስጨንቀኝን ደግሞ ገና አመሻሽ ላይ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። የአለቃዬ «እናያለን»ም እዚያ ተጽፏል፤ ሲጻፍ እንዴት ያንሳል መሰለሽ! ሕክምናው መጀመሪያ አካባቢ ግን ቀን ቀን በቁም ያስተኛል፣ እንዳትደነግጪ።

ድብርቱን በተመለከተ፣ ሁሉም ነገር ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና አብዛኛውን ቀን ከያዘሽ ፀባዬ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ሐኪም ይይሽ። የምታንኮራፊ ከሆነም ንገሪው፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚቆራርጥ ሕመም አለና። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራም ጠይቂ። ሞትን መመኘት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ነግረሽ አብራችሁ ሂዱ።