የሐዋሳ ገጠር መንገድና የመኪናችሁ ሆድ፦ የስር ላሜራ ስታሰሩ

ውጭ አገር እየኖራችሁ ለቤተሰብ ብላችሁ ሐዋሳ መኪና ያቆማችሁ፣ ወይም ለእረፍት መጥታችሁ ፕራዶም ሃይሉክስም ይዛችሁ ዘመድ ለመጠየቅ የምትወጡ፣ የመኪናውን ሆድ ከምት የሚከላከል የስር ላሜራ ስለማሰር የምነግራችሁ ይህ ለእናንተ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ፣ ከዚያም እስከ ዲላ አስፋልት ስለሆነ የመኪናው ሆድ አያሳስብም። ጣጣው የሚጀምረው በይርጋለም ወይም በአለታ ወንዶ በኩል ታጥፋችሁ ወደ ቡና ማሳውና ወደ መንደሩ ስትገቡ ነው። በዝናብ ጊዜ አይሱዙ ቀዩን ጭቃ በጎማው ቆፍሮት ያልፋል፤ በሁለቱ ቦይ መሃል ጉብታ ይቀራል። ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይደርቃል። የአይሱዙ ሆድ ከፍ ያለ ስለሆነ አይነካውም። የእናንተ ጎማ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ግን ጉብታው ከፊት እስከ ኋላ መሃል ለመሃል ይገርፈዋል።

ስለዚህ ከፊት ብቻ የታሰረች አንድ ላሜራ አትበቃም። መሸፈን ያለበት የሞተሩ የዘይት ቋት፣ ካምቢዮው እና ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው) ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ስስ ላሜራ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ውሃና ጠጠር ይመልሳል እንጂ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም? 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብረት 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዚያው ስፋት ባለ 6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 8 ኪሎ አይሞላም። መኪናው አገር ውስጥ የሚቆይ ከሆነ የኔ ምርጫ ብረቱ ነው። ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲጎብጥ በመዶሻ ይቃናል፤ ሲሰነጠቅ ማንኛውም በያጅ ይበይደዋል። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩ ይነክሰዋል፣ ለመበየድም አርጎን የሚባለው የብየዳ ጋዝ ያለው ባለሙያ መፈለግ ግድ ነው። ሦስት የብረት ላሜራ ግን 45 ኪሎ እንደሚሆን አትርሱ። የፊት ሞላው ቀድሞውኑ የደከመ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፤ አለበለዚያ ላሜራው መኪናውን ዝቅ አድርጎ ጭራሽ ወደ ጉብታው ያቀርበዋል።

ላሜራውን ሻንጣ ውስጥ አትሸከሙ፤ ሐዋሳ ላሜራ የሚቆርጥና የሚያጥፍ የብረታ ብረት ቤት ታገኛላችሁ። ከውጭ ማምጣት የሚያዋጣው ጥሩ ብሎን ነው። 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ራሱ ላይ ያለበትን ኤም 8 እና ኤም 10 (ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት) ግዙ፤ ሰፊ ሮንዴላ፣ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ እና ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) የሚለካ መፍቻም ጨምሩበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቶዮታ የኤም 10 ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሱቅ የምትገዙት ተራ ኤም 10 ግን 1.5 ነው። በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይይዛል። በመፍቻ ከተገፋ የሻንሲውን ጥርስ ይልሰዋል። ስለዚህ አንዱን የመኪናውን ብሎን አስፈትታችሁ ቁጥሩን አስለኩ፣ ከዚያ እዘዙ።

ሥራው ሲጀመር መኪናው ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ይነሳ፣ በብረት መቆሚያም ይደገፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ላሜራው ከመቆረጡ በፊት በካርቶን ልኩ ይወሰድ፤ የዘይት መፍሰሻው፣ ፊልትሮው፣ ግሪስ የሚሰጥባቸው ቦታዎችና የጭስ ቧንቧው ካርቶኑ ላይ ምልክት ይደረግባቸው። ላሜራ ሲመታ ወደ ላይ ይለጠጣል። ከዘይት ቋቱ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ካልራቀ ምቱን ራሱ ተሸክሞ ለቋቱ ያደርሰዋል። ከጭስ ቧንቧው ደግሞ ከዚያ በላይ ይራቅ።

ላሜራዎቹ የሚደራረቡበትን ቦታ ዓይናችሁን ጥላችሁ እዩ። እንደ ቆርቆሮ ክዳን ነው። የፊተኛው ላሜራ የኋላ ጠርዝ ከታች፣ የኋለኛው የፊት ጠርዝ ከላይ ሆኖ መደራረብ አለበት። ከተገለበጠ ወደፊት ስትነዱ ጠርዙ እንደ ማረሻ አፈሩን ይዞ ብሎኑን ይነቅላል። የመጀመሪያው ላሜራ ፊቱ ወደ ላይ ይታጠፍ።

የዘይት መፍሰሻው ቀዳዳ ደግሞ በያጆች የሚያሳንሱት ነገር ነው። ትኩስ ዘይት ቡሽው ሲፈታ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጎን ለጎን ይፈነጠራል። ቀዳዳው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ዘይቱ ወደሚፈነጠርበት በኩልም ይጠጋ። ካልሆነ ላሜራው ላይ ዘይት ይቀራል፣ ለሳምንት ይንጠባጠባል፣ ቤተሰብም ሞተሩ ያፈሳል ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል።

ላሜራውን ሻንሲው ላይ አታስበይዱ። አያያዙ የሻንሲውን ግራና ቀኝ በሚያገናኘው መስቀለኛ ብረት ነባር ቀዳዳዎች በብሎን ይሁን፤ ሌላ ጊዜ ካምቢዮ ለማውረድ ሲፈለግ በመጋዝ የሚቆረጥ ነገር አይኑር። መኪናው ላይ የግድ ብየዳ ካለ የባትሪው ሽቦ ይነቀል፣ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል። የብሎኑ ራስ ከላሜራው በታች ከወጣ ድንጋይ ይላጨዋል፤ ዙሪያውን የብረት ቀለበት ተበይዶበት ራሱ ውስጥ ይደበቅ። ማጥበቂያው ለኤም 8 ወደ 25፣ ለኤም 10 ወደ 50 ኒውተን ሜትር ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቅ፤ ኮረኮንች ላይ መንቀጭቀጭ ከሰማችሁ ቀድሞ የላላው ብሎን ነው።

ላሜራው አየር እንዳይዘጋ ወደ ኋላ የሚከፈቱ መተንፈሻዎች ያስፈልጉታል፤ ሙሉ በሙሉ ከደፈኑት በዳገት ላይ ካምቢዮው ይግላል። በእነዚሁ ቀዳዳዎች ጭቃም ይገባል። ቀይ ጭቃ ላሜራው ላይ ከተጋገረ እርጥበት ይዞ ይቀመጥና ሻንሲውን ያዝገዋል። ደረቅ ሣር ደግሞ ከጭስ ቧንቧው ግለት ጋር ሲገናኝ እሳት ይሆናል። ከጉዞ ስትመለሱ መኪናውን አሳጥቡ ስትሉ "ከስርም" በሉ፤ በክረምት ቢያንስ አንድ ጊዜ ላሜራው ወርዶ ይጠረግ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ የገዛችሁም አላችሁ። የእናንተ ነገር ይለያል። ባትሪው ወለሉ ስር ተዘርግቷል፤ እዚያ ላይ በያጅ አታስጠጉ፣ ቀዳዳም አታስበሱ። አምራቹ ባዘጋጀው መያዣ ላይ የሚገጥም መከላከያ ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ። አይሱዙ በቆፈረው መንገድ ከመግባትም ለዚያ ቀን ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ። ባትሪው ስር ከተመታ ደግሞ ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ አይደረግ።

የነዳጅ መኪና ሆዱ በኃይል ከተመታ ላሜራ አለው ብላችሁ አትቀጥሉ። አቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ላሜራው ጠርዝ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ እዩ፣ የዘይቱን መለኪያም መዝዛችሁ አረጋግጡ። የዘይት መብራቱ ከበራ በዚያው ቅጽበት ሞተሩን አጥፉ፣ መኪናውንም በገመድ አስጎትቱ።