ሮዙ አንበጣና ቢጫው አንበጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በ2013 መኸር አንበጣ ማሽላችን ላይ ሲወርድ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ እስካሁን «ሮዙና ቢጫው ዘራቸው ለየቅል ነው» ይላል። እውነት ነው? ኩብኩባስ የማን ልጅ ነው? ያኔ ታናሽ ወንድሜ አንዱን ይዞ ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ ቢነክረው አልሞተም። በምን ይተነፍሳል?
የቆቦው ልጅ

መልስ፦ አብሽር፣ ከወንድምህ ልጀምር። አንበጣ በአፉ አይተነፍስም፤ አፍንጫም የለውም። በግራና በቀኝ ጎኑ 10 ጥንድ ቀዳዳዎች አሉት፤ 2ቱ ደረቱ ላይ፣ 8ቱ ሆዱ ላይ። አየሩ ከዚያ በቀጫጭን ቱቦዎች መላ ሰውነቱን ያዳርሳል። ወንድምህ ሆዱን ቢነክረው ኖሮ ጉዱ ይታይ ነበር። ጆሮውም ጭንቅላቱ ላይ አይደለም። ክንፉን ገለጥ ብታደርግ ሆዱ መነሻ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ነገር ታያለህ። ያ ሁሉ ጀሪካን ስንደበድብ የሚሰማን በሆዱ ነው!

አባትህ ያዩትን አይተዋል፤ ቀለሙ በእርግጥ ይለያያል። ዘሩ ግን አንድ ነው። ሮዙ ገና ክንፍ ያወጣው ነው። ይበላል፣ ይበራል፣ እንቁላል ግን አይጥልም። ለመራባት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ሰው የሚደነግጠው ሮዙን ሲያይ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ቢጫው ነው። ሴቷ ርጥበት ያለው አሸዋማ መሬት ትመርጥና በሆዷ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ትቆፍራለች። እዚያ እስከ 80 የሚደርስ እንቁላል ታስቀምጥና ላዩን በአረፋ ትደፍነዋለች።

ሦስተኛ መልክም አለው። ለብቻው ሲኖር አፈር መሳይ ነው፤ አጠገቡ ብታልፍ አታየውም። ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበዛ ይራባል፤ ሣሩ ሲያልቅ ደግሞ በቀረችው ላይ ይጨናነቃል። የኋላ እግሩ ከሌሎቹ ጋር ደጋግሞ ሲነካካ ጠባዩ በሰዓታት ውስጥ ይለወጥና መንጋ ፈላጊ ይሆናል። ቀለሙ የሚከተለው ቆይቶ ነው።

ኩብኩባ የዚሁ አንበጣ ልጅ ነው። ክንፍ የለውም እንጂ ቁርጥ ወላጁን ነው። ቆዳው አብሮት ስለማያድግ አምስት ጊዜ ይገፈዋል፤ በመጨረሻው ክንፉን ይዘረጋል። በረሮ፣ ትኋን፣ ቅማልና ምስጥም አስተዳደጋቸው እንዲሁ ነው። ተምች ግን ሌላ ወገን ነው። በ2009 አገራችን የገባው መጤ ተምች በትልነቱ በቆሎውን ይጨርስና አፈር ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ የሚወጣው የእሳት እራት ሆኖ ነው። ንብ፣ ጢንዚዛ፣ ዝንብ፣ ቁንጫ ሳይቀር ልጃቸው ትል ነው። ቁንጫን ሳስብ እኔም ይገርመኛል።

አንበጣ ክንፍ ካወጣ በኋላ ጀሪካን መደብደብ ከአንተ ማሳ አንስቶ ጎረቤትህ ማሳ ላይ ማሳረፍ ነው። ኩብኩባው ግን አንድ ወር ገደማ መሬት ለመሬት ነው የሚዘለው፤ መድኃኒቱም ያኔ ይደርስበታል። ስለዚህ ቢጫው ያረፈበትን አሸዋማ ቦታ ምልክት አድርግበት። ቆላ ላይ እንቁላሉ ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጅበት። ጥቋቁር ትናንሾች ሲርመሰመሱ ካየህ በዚያው ቀን ለቀበሌህ የግብርና ባለሙያ ንገር።